የአባባ ሽብሩ ዶቅዶቄና አንበሳው

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጉና ወደዚህ ወደ ከሰሉ ቀረብ በሉ። ሐምሌ ገብቷል፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ሄዷል። የልጅ ልጄ ናሆም ዶቅዶቄውን በረንዳ ላይ አቁሞ፣ የሰው ምሳ ሲያደርስ የበሰበሰ ጃኬቱን ከሰሉ አጠገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። ቅድም በስልኩ አንድ ነገር ሲያሳየኝ የሳቅኩትን ሳቅ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ «አያቴ ምን ነካት?» ያላችሁም አላችሁ። ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን እዚሁ ጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ሽቅብ በሚወጣው አቀበት ላይ፣ መኪና የማይገባበት የቀጭን መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። ቤቱ የአያቴ የአባባ ሀብቴ ነው። እሳቸው፣ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ፣ እኔና የአያቴ ታናሽ ወንድም አባባ ሽብሩ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ማታ ማታ ከእንጦጦ የተለቀመው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ምድጃው ውስጥ ተንጣጥቶ ተንጣጥቶ ፍም ሲሆን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ ኩራዙ የሁላችንንም ጥላ ግድግዳው ላይ ሲያወዛውዝ፣ የሌላው ቤት ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ያወራል፤ የኛ ሽማግሌ ግን የሚያወሩት ስለ ዶቅዶቄ ነበር።

አባባ ሽብሩ በጉብዝናቸው ዘመን ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት በዶቅዶቄ ደብዳቤ የሚያደርሱ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሥራ ሲያቆሙ አሮጌዋ ዶቅዶቄም አብራቸው አቆመች፤ ልትጣል ስትል ለምነው ወሰዷት፣ ጎረምሶች አስገፍተው አቀበቱን አወጧት፣ ከኮኩ ዛፍ ሥርም አቆሟት። በቀኝ ጎኗ አንድ ሰው የምታስቀምጥ፣ አፍንጫዋ እንደ ጫማ የሾለ፣ የራሷ ጎማ ያላት መቀመጫ ተያይዛባት ነበር፤ እኛ «ጋሪዋ» እንላታለን። እኔ ነፍስ ሳውቅ ያቺ ጋሪ የዶሮ ቤት ሆናለች። ቀይዋ ዶሯችን ከሌላ ቦታ እንቁላል አልጥልም ብላ ምላ ነበር። አባባ ሽብሩ አይከፋቸውም፤ «ሰው አጣች እንጂ ተሳፋሪ አላጣችም» ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጨርቃቸውን ይዘው ይወጡና ብረቷን ይወለውሏታል፣ ዘይት ያጠጧታል፣ ሞተሯን ቀስ እያሉ ያዞሩታል። «ደሟ እንዳይረጋ ነው» ይሉን ነበር።

ያኔ ታዲያ ከራት በኋላ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይቀመጡና፣ የመጀመሪያዋ ዶቅዶቄ ከምን እንደተሠራች ታውቃላችሁ ወይ ብለው ይጀምራሉ። ከእንጨት ነበር የተሠራችው አሉ! ጀርመን አገር ነው፤ ጎማ እንኳ የላትም፣ እግሯ እንደ ጋሪ እግር እንጨት ሆኖ ብረት የተጠመጠመበት፣ እንዳትወድቅ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ መደገፊያ እግሮች ነበሯት። ሠሪው ሰውዬ የገዛ ልጁን አስቀምጦ ይልከዋል፤ ልጁ ሲሄድ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ሞተር ይግልና መቀመጫውን እሳት ይለቅበታል። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባባ ሽብሩ መቀመጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከበርጩማው እመር ይላሉ፤ እኛ ደግሞ በሳቅ ፍርስ ነው። ከእሷ በፊትም ቤንዚን የማታውቅ፣ በእንፋሎት የምትሄድ ነበረች ይላሉ፤ ነጂው የሚነድ ምድጃና የሚፈላ ድስት ከሥሩ ይዞ ነበር የሚጋልባት።

ደግሞ ባለ ሁለት እግሯን ወደ ቀኝ ማጠፍ ከፈለጋችሁ መሪዋን መጀመሪያ ገፋ የምታደርጉት ወደ ግራ ነው ይሉናል፤ ያን ጊዜ እሷ ራሷ ወደ ቀኝ ትጋደማለች። እንደ ግትር በግ ናት፣ ወዲያ ስትላት ወዲህ። ባለ ሦስት እግሯ ግን አትጋደምም፤ የእሷ ጠባይ ሌላ ነው፣ ባዶ ጋሪ ይዛችሁ ወደ ጋሪዋ በኩል በፍጥነት ከታጠፋችሁ ጋሪዋ ከመሬት ብድግ ትላለች፤ ስለዚህ ሰው ባይኖር እንኳ ጆንያ አሸዋ ጫኑባት። ይህን ሁሉ እኛ፣ ዶቅዶቄ ይቅርና ብስክሌት ነክተን የማናውቅ ሴቶች፣ ነገ እንደምንነዳ ሁሉ አፋችንን ከፍተን እንሰማ ነበር።

የአንበሳው ወሬ ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ፈረንጅ አገር እንደ ትልቅ ጋን የቆመ የእንጨት ጉድጓድ አለ፤ ዶቅዶቄ ነጂዎቹ ከሥሩ ይነሱና ዙረው ዙረው ግድግዳው ላይ ይወጣሉ፣ እንደ ዝንብ ግድግዳ ላይ ይሄዳሉ፣ አይወድቁም፤ ሕዝቡ ከአፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያቸዋል። ከነሱ መካከል አንዳንዱ በጎን ጋሪው ውስጥ አንበሳ አስቀምጦ ነው የሚዞረው!

አያቴ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ ሽብሩ! እንጨቷን ዋጥኩልህ፣ ግድግዳውንም ዋጥኩልህ። አንበሳው ምን ቀምሶ ነው ዝም ብሎ የሚቀመጥ?»

«እንጃ፣ እኔ አንበሳውን አልጠየቅኩትም።»

እኔ ግድግዳው ከንክኖኝ ነበርና ለምን አይወድቁም ብዬ ነዘነዝኳቸው። በማግስቱ ባልዲ ውሃ ሞልተሽ አምጪ አሉኝ። ባልዲውን በመያዣው ይዘው በራሳቸው ላይ እንደ ወንጭፍ አሽከረከሩት፤ ባልዲው አፉን ወደ ታች ደፍቶ ሲያልፍ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አያቴም «እስኪ፣ እስኪ» እያሉ ጠጋ ሲሉ የአባባ ሽብሩ ክንድ ደከመና ባልዲው ዘገየ፤ ውሃው ሙሉውን አያቴ ላይ ተገለበጠ። «ይኸውልህ» አሉ አባባ ሽብሩ እያለከለኩ፣ «ፍጥነት ሲያንስ የሚወድቁት እንደዚህ ነው።»

ሰፈሩ ግን አላመናቸውም። «ሽብሩ እንጨቱ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እኔንም ውሃ ልቀዳ ስወርድ እኩዮቼ «የአንበሳው ጎረቤት መጣች!» ይሉኛል። ስንቴ ፀጉር ለፀጉር ተያይዘናል መሰላችሁ። ያኔ የምመኘው ቀሚስ አልነበረም፣ ከረሜላም አልነበረም፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አባባ ሽብሩ ሰው ሁሉ ፊት እንዲታመኑልኝ ነበር።

ያቺ ቀን የመጣችው በሚያዝያ፣ በእትዬ አልማዝ ሠርግ ነው። እኛ ቤት አንድ ወግ ነበር፤ ሙሽራ ከአባቷ ቤት በእግሯ አትወጣም። በእግሯ የሄደች በእግሯ ትመለሳለች ይባላልና፣ በበቅሎ ነው የምትወርደው። መኪኖቹ ከታች ከአስፋልቱ ላይ ይጠብቃሉ፣ እስከዚያ በቅሎ ተለምኖ ነበር። ታዲያ የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ቁልቁለቱ ሳሙና የተቀባ ሆነ፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደርሶ፣ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ተጨፍሮ፣ በቅሎዋ የለችም። ኋላ አንዱ እየሮጠ መጣና ተንሸራታ እግሯን አሟታል አለን።

በቃ ቤቱ ቀዘቀዘ። ሚዜዎቹ እናዝላታለን አሉ፤ አያቴ ግን አንደኛው ሲመጣ ወድቆ የቆሸሸውን ነጭ ሱሪ እያዩ «ራስህን ያላዘልክ ልጄን ታዝልልኛለህ?» አሉት። የሙሽራው ሽማግሌዎች ሰዓት ማየት፣ ጉሮሮ መጠራረግ ጀመሩ። እትዬ አልማዝ ካባዋን እንደለበሰች ጓዳ ተቀምጣ እንባዋ ኩሏን ይዞት ሲወርድ አየሁ። ያን ጊዜ አባባ ሽብሩ ከጥግ ተነሱ።

«ዶቅዶቄዋ አለች አይደል?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ የሠርግ ሳቅ ነው፣ ክፋት የለውም፤ ግን እኔ ጆሮዬ ጋለ። አያቴ ብቻ አልሳቁም። ተቆጥተው፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጢማቸውን ጨብጠው ማሉ፤ «ያቺ የዶሮ ቤት ተነስታ፣ ልጄን ሳትጥልና ሳትጎዳ አስፋልት ካደረሰችልኝ ይህ ጢሜ ይላጭ!» የአያቴ ጢም ደግሞ ደረታቸው ላይ የሚያርፍ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ጢም ነበር።

ከታች ከሠርጉ መኪና በአረቄ ጠርሙስ ቤንዚን ተቀድቶ መጣ። አባባ ሽብሩ እሳት የሚጭርላትን ካንዴላዋን ፈተው በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው መለሱት። ዶሮዋ ታቅፋ ነበር፤ አልነሳም ብላ የእናቴን እጅ ጠቅጥቃ ጠቅጥቃ በመጨረሻ ከነእንቁላሎቿ ወደ አልጋ ሥር ተዛወረች፣ ስድቧ ድንኳኑ ድረስ ይሰማል። ሊወጡባት ሲሉ ግን ዋናው ሚዜ ተፈራ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቁመናው ያማረ ልጅ፣ መሪዋን ያዘ።

«አባባ፣ እርስዎ ይረፉ። እኔ ባለ ሁለቷን የምነዳ ሰው ነኝ፤ ባለ ሦስቷንማ ሕፃንም ይነዳታል።»

«ልጄ፣ ይቺ እኮ አትጋደምም» አሉት አባባ ሽብሩ።

«ገባኝ አባባ፣ ገባኝ።»

አልገባውም ነበር። ከበራችን ተገፍቶ ቁልቁል ተንከባለለ፣ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እንደ ለመደው መሪዋን ወደ ግራ ነካ አድርጎ ገላውን ወደ ቀኝ አጋደመ። ዶቅዶቄዋ ግን ሦስት እግሯን መሬት ተክላ፣ በታዘዘችበት፣ በቀጥታ ወደ ግራ፣ የጎረቤታችን የጎመን መደብ ውስጥ ገብታ ቆመች። ተፈራ መነጽሩን ከጭቃ፣ ራሱን ከጎመን አወጣ። «ሚዜ፣ ለወጡ ነው የቀጠፍክልን?» አለችው አንዲት ስቃ የማታውቅ ጎረቤት፣ እና የተጨነቀው ሁሉ፣ ከሙሽራው ሽማግሌዎች ጭምር፣ ሳቀ። የሳቁት ግን በተፈራ ነው እንጂ በአባባ ሽብሩ አልነበረም። እኔ ይህን ልብ አልኩ።

ሚዜዎቹ ገፍተው መለሷት። አባባ ሽብሩ ኮርቻዋ ላይ ሲቀመጡ እንዴት እንደሆኑ ብታዩ! ጀርባቸው ቀና፣ እግራቸው የለመደበት ቦታ ገባ፣ ሃያ ዓመት ከላያቸው ወረደ። አያቴ ግን መንገዱን ዘግተው «መጀመሪያ ባዶዋን ትሂድ፣ ሳላያት ልጄን አላስቀምጥም» አሉ። «ባዶዋን አትሄድም፣ ጎኗ ይነሳል ብዬሃለሁ» አሉ ወንድማቸው። «ይኸው! ሰበብ ጀመረ» አለ አንዱ ከኋላ።

እኔ ማንንም አልጠየቅኩም። ዘልዬ ጋሪዋ ውስጥ ገባሁ። እናቴ «ኧረ ልጄን!» ስትል አባባ ሽብሩ ዝቅ ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸው ሳቀ። «ሚዛኔ መጣች። አንድ ጆንያ ድንች ጨምሩላት፣ ቀላል ናት።» ድንቹን እቅፌ ላይ ጣሉብኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ጭቃው ብቻ ከሥራችን እሽ እሽ ይላል። አባባ ሽብሩ ማታ ማታ የሚሉት ትዝ አለኝ፤ ድሮ ነጂዎቹ እየሮጡ ገፍተው ስትነሳ ነበር የሚዘሉባት፤ እኛ ግን ጉለሌ ነን፣ ቁልቁለት ለኛ ግማሽ ሞተር ነው። ፈጠን፣ ፈጠን ስንል ማርሹን አስገብተው የጨበጡትን ፍሪሲዮን ለቀቁ። ዶቅዶቄዋ እንደ ሽማግሌ ሳለች። ሌላ ሳለች። ነጭ ጭስ ከኋላችን ቦለል አለ፣ የዶሮ ላባ ከሥሬ ተነስቶ አፌ ገባ፣ ከዚያ ዶቅ አለች፣ ዶቅ... ዶቅ... ዶቅዶቅዶቅዶቅ! የቀጨኔ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

መታጠፊያው ላይ «ወደ ውጭ ተደገፊ፣ ወደ ቀኝሽ!» ብለው ጮኹ፤ ድንቹን እንዳቀፍኩ ተደገፍኩ። ጋሪዋ ከሥሬ ለአንድ አፍታ ቅልል አለችኝ፣ ልትነሳ ዳዳት፣ ግን የኔና የድንቹ ክብደት አሸንፎ ቁጭ አለች። ያኔ ነው የገባኝ። የእሳት ዳር ወሬያቸው በሙሉ፣ ቃል በቃል፣ ከወንበሬ ሥር ይሠራ ነበር። አስፋልቱ ላይ ሹፌሮቹ አጨበጨቡልን፤ እኛም ዞረን አቀበቱን፣ ጭቃ እየረጨን፣ ወጣነው። አያቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጃቸው ጢማቸው ላይ ነበረች።

እትዬ አልማዝ ወጣች። ጋሪዋ ላይ ነጠላ ተነጠፈ፣ በችኮላ የዶሮዋን ገለባ ያወጣ ሰው አልነበረም፣ እላዩ ላይ አስቀመጧት። እኔ ከአባባ ሽብሩ ጀርባ ተለጠፍኩ። ሙሽራው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሚዜዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዘፋኞቹ እየተንሸራተቱ፣ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላችን ወረደ። እህቴ ግን ለማንም እጇን አላወዛወዘችም። አንድ እጇን ካባዋ ውስጥ ከታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዝም ብላ ቁጭ። አያቴ ከኋላ «እጇን ምን ሆነች? ጎዳሃት አይደል? ሽብሩ፣ ጎዳሃት!» እያሉ ይሮጣሉ።

አስፋልቱ ላይ ቆምን። እትዬ አልማዝ እጇን ከካባዋ አወጣች። እንቁላል ነበር። እናቴ ስትለቅም ከገለባው ጥግ የረሳችው፣ ከኔና ከድንቹም የተረፈ አንድ እንቁላል፣ ስትቀመጥ ነክቷት፣ እንዳይሰበር መንገዱን ሙሉ በመዳፏ ይዛው ነበር። ለአያቴ ዘረጋችላቸው። «አባባ፣ እሱም ደህና ነው» አለች።

እልልታው እንጦጦ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። አባባ ሽብሩ ሞተሩን አጥፍተው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ምን ይደረግ» አሉ፣ «አንበሳ ብናጣ እንቁላል ጭነን ወረድን።»

በማግስቱ አያቴ በራፋችን ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ላጪያቸው ወንድማቸው ነበሩ። ሰፈሩ ቆሞ አየ። ግማሽ ጢማቸው መሬት ከወረደ በኋላ፣ ሳሙና አፋቸው እየገባ፣ አያቴ ጣታቸውን ቀሰሩ። «እንጨቷ እውነት ናት። ግድግዳውም እውነት ነው። አንበሳው ግን ውሸት ነው! አንበሳው እውነት ከሆነ ጢሜ ሁለተኛ ይላጭ!» «ቃልህ ነው?» አሉ አባባ ሽብሩ። «ቃሌ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማንም «እንጨቱ» ብሎ የጠራቸው የለም። ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ምድጃችን ዙሪያ ይሞላሉ፤ እነዚያ ፀጉሬን የነጩኝ ጭምር፤ ለእነሱ ቦታ የምሰጥ እኔ ነበርኩ፣ እንዴት ደስ ይለኝ መሰላችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ያ እሳት ዳር ነው ትምህርት ቤቴ። የቀረልኝም አንድ ነገር ነው፤ ሰው የማይመስል ነገር ሲነግረኝ ውሸት ነው ከማለቴ በፊት «እስኪ ባልዲውን አምጣና አሳየኝ» እላለሁ።

እንቁላሉ ወደ ዶሮዋ ተመልሶ አውራ ዶሮ ወጣው፤ እትዬ አልማዝ ቁስቋም ወደ ባሏ ቤት ወስዳ አሳደገችው፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር የሚያርደው ጠፍቶ አርጅቶ ሞተ። እህቴ እሷም አርጅታለች፤ ጉልበቷ አይሄድም፣ ባሏም ደህና ነው፣ በእግሯ አልተመለሰችም። ተፈራ መኪና ገዛ፣ ዶቅዶቄ ሁለተኛ አልነካም፤ ቁስቋም ዛሬም «ተፈራ ጎመን» ቢባል ነው የሚታወቀው። እናቴ ዕድሜ ጠግባ አረፈች። አባባ ሽብሩ ከሠርጉ ጥቂት ዓመት ቆይተው በእንቅልፋቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወሬውን ያወሩ የነበሩት አያቴ ናቸው፤ መቀመጫቸውን ይዘው ከበርጩማው እመር እያሉ፣ እንጨቷን በዓይናቸው እንዳዩ ሁሉ። አንበሳው ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ መልሶ ያደገ ጢማቸውን እየዳሰሱ «ይኸኛው ውሸት ነው» ይላሉ። እሳቸውም ተከተሉ፤ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ከወንድማቸው ጎን ናቸው። ዶቅዶቄዋ ለብረት ሄደች፤ ጋሪዋ ግን ይቺውና፣ ጤና አዳም የተከልኩባት እሷ ናት።

ዛሬ ናሆም በስልኩ ምን ያሳየኝ ይመስላችኋል? ያረጀ ፎቶ ነው። የእንጨት ግድግዳ፣ ዶቅዶቄ፣ በጎኗ ጋሪ፣ ጋሪዋ ውስጥ አንበሳ፤ ቁጭ ብሏል ጌታው፣ ታክሲ እንደያዘ ሰው።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ወደ መቃብሩ ጎራ እላለሁ። ለአባባ ሽብሩ የምነግራቸው የለኝም፣ ያውቁታል። ወደ ጎናቸው ዞር ብዬ ግን «አባባ ሀብቴ» እላቸዋለሁ፣ «ጢምዎን ያዘጋጁ።»